ወደ ግራ የሚዞሩ ቅጠሎች

ድሬዳዋ ከሰባት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትተኛለች። ሱቁ ይዘጋል፤ ባለባጃጁ ከዛፍ ጥላ ስር ተጠግቶ የኋላ ወንበር ላይ ይጋደማል፤ መንገዱ ላይ የሚንቀሳቀስ ነገር ቢኖር ሙቀቱ ብቻ ነው። እኔ ግን በልጅነቴ የቀን እንቅልፍ እንቢ ይለኝ ነበር። ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። እማዬ አጠገቧ ታስተኛኝና ገና ትንፋሿ ሲረጋጋ ሹልክ ብዬ እወጣለሁ። ያ ሁሉ ነገር የመጣው በዚያ ሰዓት ባለመተኛቴ ነው።

ቤታችን ከዚራ ሰፈር ነበር፤ ከባቡር ሠራተኞች አሮጌ ቤቶች አንዱ። አባቴ ይሳቅ በባቡር ወርክሾፕ ሃያ ስድስት ዓመት ሠርቶ በጡረታ ሲገለል፣ ጓሯችን ውስጥ ያለችውን የቆርቆሮ ክፍል የራሱ አደረጋት። ብረት መያዣ ሞርሳ ተከለ፣ የከሰል ምድጃ ሠራ፣ ሞረዶቹን በየቁመታቸው ግድግዳው ላይ ሰቀለ። እዚያ የሚሠራውን ሥራ በከተማው ሌላ ሰው አይሠራውም ነበር። ሞልድ ነው የሚሠራው፤ የጌጥ ሰዓት ክዳን የሚወጣበት የብረት ቅርጽ።

ሥራውን የሚያመጣለት አብዱላሂ የሚባል የመጋላ ገበያ ነጋዴ ነው። አብዱላሂ በጅቡቲ በኩል የሰዓት ማሽን ብቻ ያስመጣና የብር ክዳን አልብሶ ለሙሽሮች ይሸጠዋል። በሰንሰለት አንገት ላይ የሚንጠለጠል፣ ክዳኑ ላይ የወይን ሐረግ ያለበት ሰዓት። ክዳኑ አንድ በአንድ አይቀረጽም። ሁለት ብረት አለ፤ አንዱ ጎድጓዳ፣ አንዱ ጉብ ያለ። ስስ የብር ዝርግ መሃላቸው ይገባና በፕሬስ ይጨመቃል፤ ሐረጉ ከነቅጠሉ ብቅ ይላል። ጭንቁ ያንን ሐረግ ጎድጓዳው ብረት ውስጥ፣ ያውም ተገልብጦ፣ ከሳንቲም በማይበልጥ ቦታ ላይ መቅረጹ ነው። መቅረጫው የፀጉር ያህል ቢያልፍ የሦስት ሳምንት ልፋት ገደል ገባ ማለት ነው።

እኔ የምወደው ግን እሳቱን ነበር። ቅርጹ ሲያልቅ ብረቱ ገና ለስላሳ ስለሆነ መጠንከር አለበት። አባባ ከሰሉን ያቀጣጥልና ብረቱን ፍም ውስጥ ይቀብረዋል። ሲቀላ በረጅም ሽቦ ያሰረውን ማግኔት ያስጠጋለታል። ማግኔቱ ከያዘ ገና ነው። የማይይዝበት ጊዜ ይመጣል፤ ያኔ ብረቱን በጉጠት ላፍ አድርጎ የተቃጠለ ዘይት የሞላበት ጣሳ ውስጥ ይነክረዋል። ጢሱ ክፍሉን ይሞላዋል፣ ዘይቱ ይንጫጫል፣ አባባ ትንፋሹን ውጦ ያዳምጣል። ጣ የሚል ድምፅ ከተሰማ ብረቱ ተሰንጥቋል። ካልተሰማ ሞረድ አንስቶ ጠርዙን ይሞክረዋል፤ ሞረዱ መስታወት ላይ እንደተሳበ ይንሸራተታል። ያን ጊዜ ብቻ ይስቃል።

“ዳጊ፣ ከእንግዲህ እኔም ብፈልግ አልፍቀውም” ይለኛል።

በዚያ ዓመት ከፋሲካ በኋላ ካፊያ መጣች። መጋላ ይኖር የነበረ የአንድ ብር ሠሪ ልጅ ናት፤ አባቷ ሞቷል። ሃያ ሁለት ዓመት ቢሆናት ነው። ለጎረቤታችን ሴትዮ ለአዴ ሃዎ ልጅ ለዛኪር ታጭታ ነበር፤ ሰርጉ ከረመዳን በኋላ ነው ተብሏል። አባባ ለእማዬ፣ “ብሩን አጥባ የምትወለውልልኝ ልጅ አገኘሁ” አላት። እማዬም፣ “ደግ አደረግህ፣ አባቷን አውቃቸዋለሁ፣ ጨዋ ሰው ነበሩ” አለች።

ካፊያ ጠዋት አትመጣም ነበር። የምትመጣው ከተማው ሲተኛ፣ ሰባት ሰዓት ላይ፣ በጓሮው በር ነው። ስትገባ የወርክሾፑ በር ይዘጋል። እኔም ከምሳ በኋላ ወደዚያ ድርሽ እንዳልል ተከለከልኩ። አባባ ከዚያ በፊት ከልክሎኝ አያውቅም። ለምን ብዬ ብጠይቀው፣ “ሥራው ከብዷል” ብቻ አለኝ። የካፊያ ሥራ ሳህን እንደማጠብ ያለ መስሎኝ ስለነበር የሚከብደው ምኑ እንደሆነ አልገባኝም። ቅናት ስሙን አላውቀውም ነበር እንጂ ያቃጠለኝ እሱ ነው።

ቆርቆሮው ላይ ምስማር ወልቆ የቀረ ቀዳዳ ነበር። አንድ ቀን ዓይኔን አስጠጋሁ። ቆርቆሮው ጉንጬን ፈጀኝ፤ ቢሆንም አልሸሸሁም። ካፊያ ሞርሳው ፊት ተቀምጣለች፤ ጀርባዋን እንጂ ፊቷን አላይም፤ ሻርፗ ትከሻዋ ላይ ወርዷል። አባባ ከኋላዋ ቆሟል። አንድ እጁ ትከሻዋ ላይ ነው፣ በሌላው መብራት ይዟል። ጭንቅላታቸው ሊነካካ ምንም አልቀረውም።  ከዚያ አባባ እኔ በማላውቀው ለስላሳ ድምፅ፣ “ቀስ በዪ... እንደሱ... ትንፋሽሽን ያዢ” አላት። እሷ ቀና ስትል እሱ ፊቱን በመዳፉ ይዞ ያለቅስ ነበር።

“ጋሼ፣ ደግሞ ጀመሩ?” አለችው።

“ካንቺ በቀር ማን አለኝ? ሸዋገነት እንኳ ማወቅ የለባትም። ከታወቀ አለቀልኝ” አላት። ሸዋገነት እናቴ ናት።

“እስከ መቼ ነው የሚደብቁኝ?”

“ይቺ እስክታልቅ ነው። ይቺ ካለቀች በኋላ እኔው ራሴ ለሰው እናገራለሁ። ስምሽን እጠራለሁ።”

በዚያ ሰሞን እማዬ ወባ ይዟት አልጋ ላይ ነበረች። አባባ “ይቺ” ያላት እናቴ መሰለችኝ። እናቴ እስክታልቅ እየጠበቁ ነው አልኩ። ከቀዳዳው ተነስቼ ሄጄ እማዬ እግር ስር ተቀመጥኩ፤ ላቧን እያየሁ፣ ትንፋሿን እየቆጠርኩ።

“ይቺ” ሞርሳው ላይ ያለችው ብረት ነበረች። ይህን ያወቅኩት ከሃያ ዓመት በኋላ፣ አባባን ዓይን ሐኪም ዘንድ በወሰድኩት ቀን ነው። ሐኪሙ ወጣት ነበር። መርምሮት ሲጨርስ ወደ እኔ ዞሮ፣ “ይሄ የዛሬ ጉዳት አይደለም” አለኝ። “ዳር ዳሩን ያያሉ፣ ለዚህ ነው መንገድ የማይስቱት። መሃሉ ግን ከጠፋ ሃያ ዓመት ሳያልፈው አይቀርም። ቀጭን ነገር ፈጽሞ አይታያቸውም ነበር። ሥራቸው ምን ነበር?”

“ሞልድ ሠሪ” አልኩት። “ለሰዓት ክዳን።”

ሐኪሙ የቀለድኩበት መስሎት ፈገግ አለ። አባባ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ አቀርቅሮ ጫማውን ያይ ነበር፤ ወይም የሚያይ ይመስል ነበር።

ያኔ ግን የማውቀው ያየሁትን ብቻ ነው። በቀዳዳው ባየሁ ማግስት አብዱላሂ መጣ። ከዚያች በፊት ካለቀው አዲስ ሞልድ ለሙከራ የወጣውን የብር ክዳን ወደ ፀሐይ አወጣና አገላብጦ አየው። “ወላሂ ይሳቅ፣ እጅህ ወጣት ሆኗል!” አለ። ከዚያ ደግሞ አስጠግቶ አየና፣ “ግን አቦ፣ ቅጠሎችህ ዘንድሮ ወደ ግራ መዞር ጀመሩሳ” አለው። አባባ፣ “እርጅና ነው” ብሎ ሳቀ። ጆሮው ግን ቀላ። ካፊያ ጥግ ላይ ተቀምጣ ሳህን ውስጥ ብር ታጥባለች፤ ቀና አላለችም። ካፊያ ግራኝ ነበረች። ግራኝነቷን የማያውቅ የለም፤ ሁለቱን ነገር ግን ያገናኘ አልነበረም። አሁን ሳስበው አብዱላሂ ሳይገባው የቀረ አይመስለኝም። ገብቶትም ከሆነ ዝም ማለቱን መረጠ፤ መጋላ ላይ የሚሸጠው “የይሳቅ እጅ” እየተባለ ነበራ።

በሦስተኛው ቀን አዴ ሃዎ ደጃፋቸው ላይ ሆነው ጠሩኝ። ሐላዋ የሚባለውን ጣፋጭ በወረቀት ይዘው ነበር፤ ቆርሰው ሰጡኝ።

“በዚህ ፀሐይ ብቻሽን ምን ትዞሪያለሽ?” አሉኝ።

“አባባ ወርክሾፕ አትግቢ ብሎኝ ነው።”

“ለምን?”

“ካፊያ ስትመጣ በሩን ይዘጋል።”

ሐላዋውን የሚቆርሰው እጃቸው ቆመ። ለልጃቸው የታጨችው ካፊያ መሆኗን አውቃለሁ፤ ይህ ለሳቸው ምን ማለት እንደሆነ ግን አላውቅም ነበር።

“ገብተው ምን ይሠራሉ?”

“አባባ ያለቅሳል። እማዬ ካለቀች በኋላ ለሰው እናገራለሁ ብሏታል።”

“ምን አልሽ?”

ዓይናቸው ፈጠጠ። በሕይወቴ ትልቅ ሰው እንደዚያ አፌን ሲጠብቅ አይቼ አላውቅም። የጀመርኩት ነገር ያነሰ መሰለኝ፤ እናቴን ለማዳን የሚበቃ አልመሰለኝም።

“ሲያቅፋት አይቻለሁ” አልኩ።

አላየሁም። ቃሉ ከየት እንደመጣ ዛሬም አላውቅም። አዴ ሃዎ የቀረውን ሐላዋ እንዳለ ከነወረቀቱ ሰጡኝና ወደ ውስጥ ገቡ።

በማግስቱ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ከሌሎች ሁለት ሴቶች ጋር መጥተው እማዬን ከአልጋዋ አስነሷት። እማዬ ወባው እያንቀጠቀጣት ነጠላዋን አጣፍታ ከፊታቸው ሄደች። በሩን አላንኳኳችም፤ በትከሻዋ ገፋችው፣ መቀርቀሪያው ተነቀለ። እኔ ከሴቶቹ ቀሚስ መሃል አንገቴን አሰገግኩ።

ካፊያ ከሞርሳው ፊት ብድግ አለች። ዓይኗ ላይ የነበረው የሰዓት ሠሪ አጉሊ መነጽር ወድቆ ተሰበረ። አባባ ከእጇ አንድ ነገር ነጥቆ ኪሱ ሲከት አየሁ። ቀለበት መሰለኝ። መቅረጫዋ ነበረች።

“ይሳቅ” አለች እማዬ። “ይቺ ልጅ በተዘጋ በር ምን ትሠራለች?”

አባባ ኪሱን በመዳፉ ሸፈነ።

“ሥራ ላይ ነበርኩ” አለች ካፊያ።

“የምን ሥራ?” አሉ አዴ ሃዎ። “ብር ለማጠብ በር ይዘጋል?”

“ብር አይደለም። ሞልዱን የምቀርጸው እኔ ነኝ። ይቺኛዋንም፣ ካሁን በፊት የወጡትን ሁለቱንም።”

አንዷ ሴት ሳቀች። እኔም በልቤ ውሸታም አልኳት፤ ብረት የሚቀርጸው አባቴ ነዋ። ካፊያ ግራ እጇን ዘርግታ አሳየቻቸው፤ ጣቶቿ በመቅረጫ የተወጉ፣ በብረት ፍቅፋቂ የጠቆሩ ነበሩ።

“እጅሽን ሰብስቢ!” አሏት አዴ ሃዎ።

እሷ ወደ አባባ ዞረች። “ጋሼ፣ ይንገሯቸው።”

ሁላችንም አባባን አየነው። ዝንቦቹ የዘይቱ ጣሳ ላይ ሲያንዣብቡ ይሰማ ነበር። አባባ ሞርሳው ላይ የታሰረውን ብረት ይመለከት ነበር። ሐረጉ ሊያልቅ ሦስት ቅጠል ቀርቶት ነበር።

“ጥፋቱ የኔ ነው” አለ በመጨረሻ። “እሷ ላይ አትፍረዱ። ይቅር በሉኝ።”

እማዬ መሬት ላይ ቁጭ አለች። አዴ ሃዎ እጃቸውን አጨበጨቡ፤ “ሰማችሁ? በራሱ አፍ!” ካፊያ አላለቀሰችም። አባባን ትንሽ ቆማ አየችው፤ የሚጨምረው ነገር እንዳለ እንደምትጠብቅ ዓይነት። ከዚያ ከቀሚሷ ላይ የብረት ፍቅፋቂውን አራግፋ፣ ሻርፗን ሳበችና በአጠገቤ አልፋ ወጣች።

ከነዛኪር ቤት ጋር የነበረው እጮኝነት በሳምንቱ ፈረሰ። ካፊያን ወንድሞቿ ጅቡቲ ላኳት፤ ሰው ቤት ተቀጠረች ሲባል ሰማሁ። እማዬ አንድ ዓመት ሙሉ ካባባ ጋር ከአንድ ትሪ አልበላችም። አባባ ደግሞ ለንስሐዬ ይሁን ብሎ ወርክሾፑን ዘጋ፤ ሁለተኛ መቅረጫ አልነካም። ሰፈሩ ይህን ሲሰማ ልቡ ራራለት። “ለትዳሩ ሲል እጁን የቆረጠ ሰው” አሉት። እማዬም ቀስ በቀስ ልቧ ተመለሰ፤ የዛሬ ስድስት ዓመት ስትሞት እጁን ይዛ ነው። ላልሠራው ጥፋት ይቅር ብላው ሄደች። የሠራውን ሳትሰማ።

ከዓይን ሐኪሙ ስንመለስ ባጃጅ ውስጥ ጠየቅኩት።

“ትቀርጽ የነበረችው ካፊያ ናት?”

 የባቡር ጣቢያውን ካለፍን በኋላ፣ “ሦስቱ የመጨረሻዎቹ የሷ ናቸው” አለ። “እኔ ብረቱን እመርጥላት ነበር። እሳቱን ደግሞ በማግኔቱ እለየዋለሁ፤ እሱ ዓይን አይፈልግም። ሌላው የሷ ነው።”

“ለምን ዝም አልክ ታዲያ?”

“ሴሰኛ ቢሉኝ ሰው ይረሳዋል አልኩ። ዓይኑ ጠፍቶ የሴት ልጅ ሥራ በስሙ ሲሸጥ ነበር ቢሉኝ ግን ምን ይቀረኛል?”

“እሷስ?”

“እሷ ልጅ ናት” አለ። “ታገባለች፣ ትወልዳለች፣ ትረሳዋለች አልኩ።”

ባለባጃጁ ወደ ኋላ በመስታወቱ አየን። 

አባባ ባለፈው ጥር አረፈ። ድንኳኑ ውስጥ ያረጀው አብዱላሂ ዱላውን ተደግፎ ተነሳና ስለ ሟቹ ተናገረ። “እንደዚያ ዓይነት እጅ በዚህ አገር አይደገምም። በተለይ የመጨረሻዎቹ፣ እነዚያ ሐረጎች!” አለ። ሰው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። እኔ የሐዘንተኛ ወንበር ላይ ነበርኩ። ተነሳሁ፤ መናገር ነበረብኝ። “እግዜር ይስጥልኝ” ብዬ ተቀመጥኩ።

ከአርባው በኋላ ካፊያን ፈለግኳት። ከጅቡቲ ከተመለሰች ቆይታለች፤ ቢዮ አዋሌ ውስጥ ትንሽ ሱቅ አላት አሉኝ። ሚኒባስ ይዤ ሄድኩ። ስኳር፣ ሳሙና፣ የባትሪ ድንጋይ ከተደረደረበት መደርደሪያ ፊት ተቀምጣ አገኘኋት። ጠይም ፊቷ ከስቷል፤ አላገባችም፣ አልወለደችም። ግንባሬን አይታ ለየችኝ።

“ኢንተላ ይሳቅ” አለችኝ በኦሮምኛ፤ የይሳቅ ልጅ። “ሞተ?”

“ሞተ።”

አላህ ይማረው አላለችም። በርጩማ ገፋ አደረገችልኝ። ሁሉንም ነገርኳት፤ ቀዳዳውን፣ እናቴ ልታልቅ ነው ያልኩትን፣ ሐላዋውን። ስናገር አንዲት ልጅ ሳሙና ልትገዛ ገባች፤ ካፊያ በግራ እጇ አንስታ ሰጥታት ወደ እኔ ተመለሰች።

“አቅፏታል አልሽ?”

“አልኩ።”

“አቅፎኝ አያውቅም” አለች። “መብራቱን ሲይዝ ይንቀጠቀጥ ነበር። ትከሻዬን ይደገፍ የነበረው እሱ ነው።”

“ይቅር ይበሉኝ” አልኳት።

“ይቅር ብልሽ ቀሎሽ ትሄጃለሽ። እኔን ምን ይቀለኛል?” ቁጣ ድምፅዋ ውስጥ አልነበረም፤ ቢኖር ይሻለኝ ነበር። “አንቺ ሕፃን ነበርሽ። ከሱ ግን አንድ ቃል ይበቃ ነበር። በየቀኑ ሰው ቤት ወለል ስወለውል የምጠብቀው እሱን ነበር፤ ዛሬ ይናገራል፣ ዛሬ ይልክብኛል እያልኩ። አሥራ አንድ ዓመት።” ቆየችና፣ “ሃዎ አለች?” አለችኝ።

“አሉ። ሰባውን አልፈዋል።”

“ለሷ ንገሪያት። እኔን ስታጨኝም ስትጥለኝም የሰው ቃል አምና ነው፤ አውቃ ትሙት። ከዚያ ደውዪልኝ።” የስልክ ቁጥሯን ሰጠችኝ።

በማግስቱ ሦስት ሰዓት ላይ አዴ ሃዎን ደጃፋቸው ላይ አገኘኋቸው፤ የጸሎት መቁጠሪያቸውን፣ ሙስበሃቸውን ይቆጥሩ ነበር። አጠገባቸው ተቀምጬ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳቸው። አላቋረጡኝም። ስጨርስ እጄን ያዙኝ።

“ልጄ፣ ሐዘን ጎድቶሻል” አሉኝ።

“እውነቴን ነው አዴ ሃዎ። ዓይኑ አያይም ነበር፤ ሐኪሙ ነግሮኛል። እሱም ራሱ ነግሮኛል።”

“እኔ ቆሜ ሰምቻለሁ፤ በራሱ አፍ አምኗል። ደሞ ሴት ልጅ ብረት ትቀርጻለች? ተይ፣ የሞተ አባትሽን ስም አታንሺ። እኔም ይሳቅን ይቅር ካልኩት ቆይቷል፣ ሁሉን ትቼዋለሁ።”

“እኔ ዋሽቼ ነበር” አልኩ። “ሲያቅፋት አላየሁም። የጨመርኩት ነው።”

አዴ ሃዎ በሚያሳዝን ርኅራኄ አዩኝ። “ዘጠኝ ዓመትሽ ነበር” አሉኝ። “ልጅ አይዋሽም።”

ያኔ አንዲት ቃል ሳያጣሩ አምነውኝ ነበር። ወደ መንገዱ ወጥቼ ደወልኩ። ካፊያ ወዲያው አነሳችው።

“ነገርሻት?”

“ነገርኳቸው።”

“እና?”

ደነገጡ፣ አለቀሱ፣ ይቅር በይኝ በያት አሉኝ ማለት እችል ነበር። ካፊያ የምታረጋግጥበት መንገድ የላትም፤ ድሬ ድረስ አትመጣም። አፌ ላይ መጥቶ ነበር።

“አላመኑኝም” አልኳት።

በስልኩ ውስጥ የሆነ ልጅ ስኳር ሲጠይቃት፣ እሷም “ቆይ” ስትለው ሰማሁ።

“ነገም ሂጂ” አለችኝና ዘጋችው።

በማግስቱ ሄድኩ። አዴ ሃዎ ከመንገዱ ማዶ ሲያዩኝ ተነስተው ገቡ፤ በሩ ሲቀረቀር ተሰማኝ። ደጃፉ ላይ ተቀመጥኩ።